የጠፉት ግመሎችና መንገድ ላይ የቀረው መኪና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ መንገድ ነው፤ በተለይም መንገድ ላይ ቆሞ ስለሚቀር መኪና። «ይሄ ደግሞ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱንና አብረን እንየው።

ሁላችንም የምናውቀው ሐዲስ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ኢማን ከሰባ በላይ ቅርንጫፎች እንዳሉት አስተምረውናል። ከሁሉም በላይ ያለው የተውሒድ ቃል ነው። ከሁሉም ዝቅ ብሎ የሚገኘው ደግሞ ሰውን የሚያስቸግር ነገር ከመንገድ ላይ ማንሳት ነው። ብዙዎቻችን «ዝቅተኛው» የሚለውን ስንሰማ «ቢቀርም ችግር የለውም» ብለን እናልፈዋለን። ግን አስቡት፤ ዝቅተኛውን ማድረግ ያቃተው ሰው ስለ ከፍተኛው ምን ብሎ ሊያወራ ነው?

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሌላም ታሪክ አለ። አንድ ሰው በመንገድ ሲሄድ እሾሃማ ቅርንጫፍ አገኘና ገፋ አደረገው። አላህ ሥራውን ወደደለት፤ ወንጀሉንም ማረው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እሾሁን እዚያ የጣለው እሱ ስለመሆኑ ምንም አልተባለም። ከኋላው ማን እንደሚመጣ፣ የሚመጣው ሰው ሙስሊም ይሁን አይሁን፣ ዘመድ ይሁን ባዳ አልተጠቀሰም። መንገደኛ መሆኑ ብቻ በቂ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ደሃና ተራራ ነው። መንገዱ ገደሉን እየተጠጋ፣ እየተጠማዘዘ ይወጣል ይወርዳል። በዚያ መንገድ እግረኛው፣ አህያው፣ ባጃጁና አይሱዙው ሁሉ ይጋፋሉ። አንድ አይሱዙ ዳገት ላይ ሲበላሽ የሚሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ቀጥሎ ከኋላና ከፊት ድንጋይ ይደረድራል፤ ቅጠልም ቆርጦ አስፋልቱ ወይም ጠጠሩ ላይ ይጥላል። በአገራችን ይህ «ተጠንቀቁ፣ የተበላሸ መኪና አለ» የሚል ምልክት ነው። አንፀባራቂ ትራያንግል ቢኖር የተሻለ ነው፤ ከሌለ ግን ይሄም የሰው ነፍስ ያድናል፤ አጅር አለው።

ችግሩ የሚመጣው መኪናው ሲጠገን ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ረዳቱ ይሳፈራል፣ ሹፌሩ ማርሽ ያስገባል፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ይቀራል! ማታ በዚያ ኩርባ ላይ ባለ ሞተር ሳይክል ይመጣል። ወይም ምጥ የያዛትን እናት የጫነ አምቡላንስ ወደ ሰቆጣ ሲከንፍ ይደርሳል። ነፍስ ለማዳን የተቀመጠው ድንጋይ ነፍስ የሚያጠፋ ሆነ ማለት ነው። የደረደረው ሰው ደግሞ ያን ጊዜ ቤቱ ገብቶ ዒሻን ሰግዶ ተኝቷል።

ይህ እንግዲህ ድንጋዩ ነው። መኪናው ራሱ እዚያው ሲቀርስ?

አንዳንዴ የተሰበረው ዕቃ ከሩቅ ከተማ ካልመጣ አይገኝም። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል። ባትሪው ይሞታል፣ የአደጋ መብራቱ ይጠፋል። ቅጠሉ ይደርቅና ነፋስ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ጨለማ ውስጥ ለሚመጣ ሰው ያ መኪና ድንገት የሚገጥመው ግድግዳ ነው። በአገራችን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ። ከእነዚህ መካከል ምንም ሳያጠፉ፣ ሌላው ሰው «ነገ አነሳዋለሁ» ብሎ የተወው ነገር የገጠማቸው አሉ።

በከተማ ደግሞ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ከተማ የምትኖሩ ሠፈራችሁን አስቡት። አጥር ሥር የቆመች አሮጌ ላዳ ወይም ቮልስ ትኖራለች። ጎማዋ ተንፍሷል፣ ስፖኪዮዋ ተነቅሏል፣ ቦሎዋ ከታደሰ ዓመታት አልፈዋል። ከሥሯ ሣር በቅሏል። መጀመሪያ አንድ ሰው ፌስታል ቆሻሻ ጣለባት። ቀጥሎ ሌላው ጣለ። ቀጥሎ መንገደኛ ከጀርባዋ ቆሞ መሽናት ጀመረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰዎች መንገድና በሚያርፉበት ጥላ ላይ መጸዳዳት እርግማን የሚያስከትል ነገር መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ያቺ መኪና ታዲያ ለዚህ ሁሉ መሸሸጊያ ሆነች ማለት ነው። የመንገዱን ዳር ስለያዘችው ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን ወደ አስፋልቱ ወርዶ ያልፋል። ዓይነ ስውሩ በዱላው ሲዳስስ እሷን ያገኛል። ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ከነአካቴው ማለፍ አይችልም።

«በገዛ መኪናዬ ምን አገባችሁ?» የሚል ይኖራል። መኪናው ያንተ ነው፤ መንገዱ ግን ያንተ አይደለም። መንገድ የሁሉም ሐቅ ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ በአንድ ዘመቻ ላይ ሰዎች ሲሰፍሩ ቦታውን አጣበቡት፣ መንገዱንም ዘጉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲያውቁ ለፋፊ ላኩ፤ ቦታ ያጠበበ ወይም መንገድ የዘጋ ሰው ጂሃድ እንደሌለው አስነገሩ። ሱብሓነላህ! እነዚያ ሰዎች ቤታቸውንና ቤተሰባቸውን ትተው ለአላህ ብለው የወጡ ነበሩ። ያም ሆኖ መንገድ መዝጋታቸው በቀላሉ አልታለፈም። እኛ ታዲያ በየትኛው ሥራችን ተመክተን ነው ለዓመታት መንገድ ይዘን የምንቀመጠው?

በግፍ የአንድ ስንዝር መሬት የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ከሰባት መሬቶች እንደሚጠለቅለት የሚያስጠነቅቀውንም ሐዲስ አስታውሱ። አንዲት የቤት መኪና ወደ አራት ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ስንት ስንዝር እንደሆነ ራሳችሁ ቁጠሩት።

ለዚህም ነው በቀደሙት የሙስሊም ከተሞች ሙሕተሲብ የሚባል ሹም የነበረው። ሥራው ሚዛን ማየት ብቻ አልነበረም። ኢማም አል-ማወርዲ (እ.ኤ.አ. በ1058 ያረፉት) ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ፣ ሙሕተሲቡ ወደ መንገድ ገፍቶ የሚሠራንና መንገደኛን የሚያስቸግር ዕቃ መንገድ ላይ የሚያኖርን ሰው እንደሚከለክል ይገልጻሉ። የዛሬው ማዘጋጃ ቤትና ትራፊክ ፖሊስ የሚሠሩት ሥራ ያኔም ነበረ።

ቆይ! ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ግን ያ መኪና ለምን እንደቆመ እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ ከጀርባው የሰው ችግር አለ።

አንዱ የውርስ ጉዳይ ነው። አባት ሲሞቱ ልጆቹ ሊስማሙ አልቻሉም። አንዱ «ይሸጥ» ይላል፣ አንዱ «የአባታችን ማስታወሻ ነው» ይላል፣ ሊብሬው የት እንደገባ አይታወቅም። መኪናው በር ላይ ቆሞ ይበሰብሳል። አላህ የውርስን ድርሻ በቁርኣን አንድ በአንድ ከፋፍሎ የነገረን እንዲህ ያለው ነገር ወንድማማችን እንዳያጣላ ነበር። ያ ዝገት የመኪና ዝገት ብቻ አይደለም፤ የተቋረጠ ዝምድናም አለበት።

ሌላው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በአገራችን መኪና ውድ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል። ስለዚህ ሌላ አገር ተቀጥቅጦ ብረት የሚሆን መኪና እዚህ እንደ ጥሪት ይቆጠራል። ባለቤቱ አንድ ቀን ዕቃ አግኝቼ አስነሳዋለሁ ብሎ ተስፋ ያደርጋል። በዚህ ሰው ላይ መሳለቅ አይገባም።

ዕዳም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ በተነሳ ጊዜ ዱባይ ውስጥ ዕዳ የበዛባቸው ሰዎች መኪናቸውን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጥለው ከአገር መውጣታቸው በሰፊው ተዘግቦ ነበር። መኪናውን ጥሎ መሄድ ይቻላል። ዕዳውን ግን የትም ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ባለቤቱን ተከትሎ እስከ አኼራ ይሄዳል።

ፍርድ ቤት የያዛቸውም አሉ። በየፖሊስ ጣቢያው በር በኤግዚቢትነት የተያዙ መኪኖች ዓመታት ቆመው እናያለን። እነሱ ላይ የግለሰብ ውሳኔ አይሠራም።

እንግዲህ አንድ መኪና ሁለት ሐቅ ይዞ ነው የቆመው። አንዱ የመንገደኛው ሐቅ ነው፤ «ይነሳልኝ» ይላል። ሁለተኛው የባለቤቱ ሐቅ ነው፤ «ንብረቴን አትንኩብኝ» ይላል። አንዱን ስንጠብቅ ሌላውን መርገጥ የለብንም። የሠፈራችን ወጣት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ለረጅም ጊዜ ስለቆመ ብቻ «ባለቤት የለውም» ብሎ ባትሪውን ይፈታል፣ ጎማውን ያወልቃል፣ መስታወቱን ይነቅላል፤ ለመለዋወጫ ነጋዴ ይሸጣል። ይህ ስርቆት ነው። የቆመ መኪና ማለት የተፈቀደ መኪና ማለት አይደለም። ሻጩ ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣ እያወቀ የሚገዛውም ይጠየቅበታል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወደቀ ዕቃ ሲጠየቁ መያዣውንና ማሰሪያውን ለይቶ ማወቅና ለአንድ ዓመት ማስነገር እንደሚገባ አስተምረዋል። ስለ ጠፋ ግመል ሲጠየቁ ግን ተቆጡ። ግመል ውሃውን በሆዱ የያዘ፣ በእግሩ የሚሄድ እንስሳ ነው፤ ባለቤቱ እስኪያገኘው ድረስ እንዲተው አዘዙ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ የዛሬው መልእክታችን ዋና ነገር እሱ ነው። ኢማም ማሊክ በሙወጠእ ውስጥ እንደዘገቡት በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን የጠፉ ግመሎች ማንም ሳይነካቸው ይኖሩ፣ ይዋለዱም ነበር። በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ግን ነገሩ ተለወጠ። ዑስማን መጀመሪያ እንዲታወጁ፣ ከዚያ እንዲሸጡ አዘዙ፤ ባለቤቱ ሲመጣ ገንዘቡ ይሰጠዋል። ዓልይ (ረ.ዐ) ደግሞ ለጠፉ እንስሳት በረት አሠርተው፣ ሳይከሱም ሳይወፍሩም እንዲቆዩ ከበይተል ማል ይቀልቧቸው እንደነበር ተተርኳል። የኔ ነው ብሎ ማስረጃ ያመጣ ይወስዳል።

ዑስማን የነቢዩን ትእዛዝ ጣሱ ማለት ነው? በፍጹም! የትእዛዙ ዓላማ የባለቤቱን ሐቅ መጠበቅ ነበር። ዑለማዎች እንዳብራሩት የሰው ብዛትና የሰው አማና ሲለወጥ፣ ግመሉን ዝም ብሎ መተው ለሌባ መተው ሆነ። ስለዚህ ያንኑ ሐቅ በሌላ መንገድ ጠበቁት።

አሁን የዛሬ ከተሞች የሚያደርጉትን ተመልከቱ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ሕግ መኪናን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድን ወንጀል አድርጎታል፤ የማንሳቱንም ግዴታ በአካባቢው ምክር ቤት ላይ ጥሏል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሎስ አንጀለስ በሕዝብ መንገድ ላይ ከ72 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀስ የቆመ መኪና ሊጎተት ይችላል። ዱባይ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ አቧራ በለበሰው መስታወት ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል። ቀኑ ካለፈ መኪናው ወደ ማቆያ ግቢ ይወሰዳል። ባለቤቱ ካልቀረበ በጨረታ ይሸጣል። ማስታወቂያ፣ ማቆያ ግቢ፣ ጨረታ! የዑስማንን አዋጅና የዓልይን በረት አላስታወሳችሁም?

በእኛም አገር ሕግ አለ። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ መኪና የት መቆም እንደሚችልና እንደማይችል ይደነግጋል። ሕጉን ማስፈጸም የመንግሥት ሥራ ነው። ሕጉ እስኪመጣብን አለመጠበቅ ግን የእኛ ሥራ ነው። አላህን የሚፈራ ሰው መኪናውን የሚያነሳው ቅጣት ሲለጠፍበት ሳይሆን፣ አንዲት አሮጊት በሱ ምክንያት ወደ አስፋልቱ ስትወርድ ሲያይ ነው።

ጎታች መኪና በቀላሉ በማይገኝበት እንደ ደሃና ባለ አገር ደግሞ ጎታቹ የሰው ክንድ ነው። እህል ለመሰብሰብ ደቦ የሚወጣ ሕዝብ ነው ያለን። ባለቤቱ ከፈቀደና መሪውን የሚይዝ ሰው ካለ፣ አሥር ወጣት አንድን ፒክአፕ ከኩርባ ላይ ገፍቶ ሜዳ ማድረስ አያቅተውም። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ ግፉት። መንገዱ የጋራ ነው፤ እሾሁም ሁላችንንም ይወጋል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በነበረው የሰሜኑ ጦርነት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በየመንገዱ ዳር የተቃጠሉ የጦር ተሽከርካሪዎች ቀርተዋል። እነዚህን አትንኩ! ብረታቸውን ለመሸጥ አትፍቱ፤ ሕፃናትም እላያቸው ላይ ወጥተው አይጫወቱ። ውስጣቸው ወይም ዙሪያቸው ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ አስቸጋሪን ነገር ከመንገድ ማንሳት ማለት በእጅ ማንሳት አይደለም። ለሚሊሻው፣ ለፖሊስ፣ ለቀበሌው መናገር፣ ልጆችን ማራቅ ነው። ነፍስም አማና ናት።

እንግዲህ ከዚህ ጁሙዓ በኋላ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሹፌር ወይም ረዳት ከሆንክ መኪናው ተነስቶ ከመሄድህ በፊት የደረደርከውን ድንጋይ አንሳ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ድንጋዩን የደረደርከው ነፍስ ለማዳን ነበር፤ ያነሳህ ጊዜ ሥራው ሙሉ ሆነ።

ሁለተኛ፣ መኪናህ ተበላሽቶ መቆየቱ ግድ ከሆነ ከመንገዱ አስወጣው። ካልተቻለ አንፀባራቂ ነገር አድርግበት፤ ሰው አስጠብቅ፤ ለትራፊክ ፖሊስ ተናገር።

ሦስተኛ፣ በራችሁ ላይ የአባታችሁ መኪና ቆሞ ከሆነ ዛሬ ማታ ለወንድምህ ደውልለት፤ ለእህትህም ደውል። ስለ መኪናው ከማውራታችሁ በፊት ሰላም ተባባሉ። ከዚያ ዐዋቂ ሽማግሌ ጨምራችሁ ተካፈሉ፤ ሽጡት ወይም ወደ ግቢ አስገቡት። ለሟቹ አባታችሁ ዱዓ ታደርጋላችሁ አይደል? በስማቸው የተመዘገበ ንብረት የሰው መንገድ ዘግቶ እንዳይቆይ ማድረግም በጎ መዋል ነው።

አራተኛ፣ ባለቤቱን የማታውቁት መኪና ከሆነ አትፍቱት፣ አትሰባብሩት። ታርጋውን ፎቶ አንስታችሁም ሰው ለመሳደብ አትለጥፉ። ባለቤቱ ታሞ ይሆናል፤ ታስሮ ይሆናል፤ ሞቶም ይሆናል። ጎረቤት ጠይቁ፣ ካልተገኘ ለቀበሌው ወይም ለከተማው አስተዳደር በወግ አመልክቱ። የናንተ ድርሻ ማሳወቅ ነው፤ ማንሳቱና መሸጡ ሥልጣን ያለው አካል ሥራ ነው።

አምስተኛ፣ ይህን ሁሉ ማድረግ የማትችሉ፣ መኪናም የሌላችሁ፣ ከቤት እስከ መስጂድ ባለው መንገድ ላይ አንድ ነገር አንሱ። ድንጋይ ይሁን፣ ስባሪ ጠርሙስ ይሁን፣ ሽቦ ይሁን። ዛሬ ወደ ጁሙዓ ስትሄዱ ጀምሩት።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! እኛም በዚህች ዱንያ መንገደኞች ነን። መንገደኛ መንገዱን ሲለቅ ከኋላው የሚመጣውን ያስባል። ከኋላችን ለሚመጣው ሰው ክፍት መንገድ ትተንለት እንለፍ።

አላህ ሆይ! የወንድሞቻችንን ሐቅ ከያዝንበት አስለቅቀን። በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ በሰላም ለቤታቸው አብቃ። በመንገድ አደጋ ለሞቱት እዘንላቸው፤ የተጎዱትን አሽር። የተጣሉ ወራሾችን አስማማ። የሰቆጣን፣ የደሃናን፣ የመላ አገራችንን መንገዶች የሰላም አድርግልን። ኣሚን!

በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ፤ ዛሬ ጁሙዓ ነው።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ